ቆራሌው ጃርትና የኮሌጁ ሽልማት

ተረት የሚያዳምጥ ጆሮ ካላችሁ እኔም የምነግራችሁ አለኝ። ድሮ ከወንዝ ማዶ ባለ ጫካ ውስጥ የአራዊት ኮሌጅ ነበር። ተማሪው ብዙ፣ ቆሻሻው ደግሞ ከተማሪው የበዛ ነበር።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ጎሽ ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ የተከመረውን ፕላስቲክ አይቶ ደነገጠና የብክነት ቅነሳ ኮሚቴ አቋቋመ። ጦጣ ሰብሳቢ፣ ጅግራ ጸሐፊ ሆኑ። ጅግራ በትምህርቷ የምታኮራ፣ ነገር ግን ስሟ ሲጠራ አንገቷን ክንፏ ሥር የምትቀብር ዓይነ አፋር ነበረች።

ኮሚቴው ሦስት በርሜሎች አስቆመ፤ አንዱን ለወረቀት፣ አንዱን ለፕላስቲክ፣ አንዱን ለምግብ ትራፊ። ማን እንደሚያነሳቸው ግን አልተወያየም። ይልቁንም ስለ ፕላስቲክ ቅነሳ ዐውደ ጥናት ጠራ፤ ለእያንዳንዱ ተሳታፊም ሁለት ሁለት የታሸገ ውሃ አደለ። በርሜሎቹ በሦስተኛው ቀን ሞልተው ፈሰሱ።

ጅግራ ሪፖርት መጻፍ ነበረባትና ጨነቃት። በዚያው ሰሞን ጃርት በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለ። ጃርት በየሰፈሩ «ቆራሌው» እያለ እየዞረ ጣሳና ጠርሙስ የሚሰበስብ፣ በዚያም ልጆቹን የሚያሳድግ ነበር። እስቲ ልግባ ብሎ ለመናት። ግራ ቀኝ አይታ አስገባችው። ፕላስቲኩን በእሾሁ ላይ ሰካካ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ተሸከመ፣ ትራፊውን ለከርከሮ ቤት ላከና እንደ ሙሽራ አጊጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ይመጣ ጀመር።

ጅግራም በየወሩ «በርሜሎቹ ባዶ ናቸው» ብላ ጻፈች። ውሸት አልነበረም። ማን ባዶ እንዳደረጋቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፈችም። የተማረች ሆና ከቆራሌው ጋር ታየች እንዳይሏት አፍራ ነበር።

በሪፖርቱ ምክንያት ኮሌጁ ለንጽሕና ሽልማት ተመረጠ። በሽልማቱ ማለዳ ዘበኛው ዝንጀሮ ጃርትን ጠርሙስ እንደተሸከመ ያዘውና በኮሌጁ ጉባኤ ፊት አቀረበው። ጦጣ ብድግ ብሎ የኮሌጁን ንብረት የሚሰርቅ ከነልጆቹ ከጫካው ይባረር አለ። ብዙዎችም አጨበጨቡ። ጃርት ጅግራን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አላጋለጣትም።

ያን ጊዜ ጅግራ አንገቷን ከክንፏ ሥር አወጣች።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት ዓመት ግቢውን ያጸዳው እሱ ነው። እኛ ስንሰበሰብ ነው የከረምነው። ከእሱ ጋር መታየት አፍሬ ደበቅሁት፤ አሁን የማፍረው በመደበቄ ነው።»

ጎሽ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወይዘሪት ጅግራ፣ እውነት ብለሻል። ሰዓቱን ግን አላወቅሽበትም፤ እንግዶች በር ላይ ናቸው።»

ጃርትን ከጫካው ባያባርረውም ከግቢው አገደው፤ አጥሩም ተደፈነ። ጅግራ ከጸሐፊነቷ ተነሳች። ሽልማቱን ጦጣ ተቀበለ፤ መጥረጊያ ይዞ ፎቶ ተነሣና ስለ ኮሚቴው ድካም ረጅም ንግግር አደረገ።

ወር ሳይሞላ የመኝታ ቤቱ በር ከቆሻሻው ብዛት አልከፈት አለ። ጥንቸሎች በመስኮት እየዘለሉ ክፍል ገቡ። ጉባኤው ተጨንቆ ጦጣን ወደ ጃርት ቤት ላከው። ጦጣ ሲደርስ ጅግራና ጃርት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠርሙስ ይለያሉ። ጅግራ ቀና ብላ ሰላም አለችው እንጂ አልተደበቀችም።

ጦጣ ኮሌጁ ለጃርት ይቅርታ እንዳደረገለትና የግቢው ጽዳት ሠራተኛ አድርጎ እንደ ሾመው ነገረው። አስቀድሞ ግን ስለ ቆሻሻ አለቃቀም የሁለት ሳምንት ሥልጠና መውሰድ እንዳለበት፣ አሠልጣኙም ራሱ ጦጣ እንደሆነ አስታወቀው።

ጃርት የያዘውን ጠርሙስ አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ የጠረገ በር ላይ ይቆማል፤ መጥረጊያ ይዞ ፎቶ የተነሣ ወንበር ላይ ይቀመጣል» አለው። «ወንበሩ እናንተ ዘንድ ነው። እንግዲህ መጥረጊያውንም እዚያው ልመዱት።»