የኡጁሉ ምርጥ ዐሥራ ሁለት

አታምኑኝም ብዬ እምላለሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ ካስፈለገም ግራዬን ጨምሬ፣ በባሮ ወንዝና በውስጡ በሚኖሩት አዞዎች ሁሉ እምላለሁ፤ አንዳችሁም አታምኑኝም። አልቀየምም። እኔም በቦታው ባልኖር፣ ለዚያውም የነገሩ ዋና መሪ ባልሆን ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ወባ ተነሥቶበት ነው ብዬ በአልጋ ተሸክሜ ጤና ኬላ አደርሰው ነበር።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አበው። ይህን የተረቱት ደጋ የተቀመጡ ሰዎች መሆን አለባቸው። የኛ ጋምቤላ ሜዳ ነው፤ አፋፍ ከየት ይመጣል? እዚህ ከአፍ የወጣ ነገር የሚወድቅበት ገደል ስላጣ እዚያው ሲንከራተት ይኖርና አንድ ቀን ዞሮ የተናጋሪውን በር ያንኳኳል። ድሮ የሚዞረው በሰው አፍ ነበር፤ ሰውን «ውሸታም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሞባይልን ግን «ውሸታም» ብትሉት ማን ይሰማችኋል?

ኡጁሉን የማታውቁት ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው። አቦቦ ውስጥ ሠርግ ደግሶ ኡጁሉን ያልጠራ ሰው እንዳላገባ ይቆጠራል። አኙዋክ ነው። ከአያቱ የወረሳትን፣ በአውራ ጣት የምትመታ፣ ቶም የምትባል የእንጨት የሙዚቃ መሣሪያ በጉያው ይዞ አደገ፤ ሲጎረምስ ጊታር ገዛና በድምፅ ማጉያ አጮኸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን አጋብቷቸው ይኖራል። ቶሟ እንደ አሮጊት ስታጉተመትም ጊታሩ እንደ ወጠጤ ይመልስላታል። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው፤ ከማንም አይዋስም። ከጊታሩ ስድስት ክሮች ሁለቱ ሲበጠሱ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተክቷቸዋል። ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጫወት ዓሦቹ ክሩን ዐውቀውት ሲሸሹ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሰው ሰናይትን ወደደ። ሰናይት የጎረቤቴ የአያ ደምሴ ትልቋ ልጅ ናት፤ በጤና ኬላችን ስትሠራ መርፌ የወጋችው ሰው ሁሉ «ሌላ የቀረኝ የለም?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ወደደችው። ግን ቁርጡን ተናገረች፤ ያለ አባቴ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ያለ ኡጁሉም ሌላ ቤት አልገባም አለች። እንግዲህ መውጫውም መግቢያውም አያ ደምሴ እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

አያ ደምሴ ማነው? በሰፈራው ጊዜ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጣ፣ በቆሎውን በገመድ ለክቶ የሚዘራ፣ ሳቁን ደግሞ እንደ ዘር እህል ለክፉ ቀን ያስቀመጠ ሰው ነው። ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እህ፣ እህ። ሰፈሩ ጨለማ ውስጥ እንኳ በዚያች ያውቀዋል። ሠርግ ሲጠሩት እህል ቀምሶ፣ መርቆ፣ ዘፈን ሲጀመር «ወፍ ልጠብቅ» ብሎ ይነሣል። በየትኛው ወር? በየትኛውም! ማሳው ላይ አንዲት አገዳ በሌለችበት ወር እንኳ ወፍ ይጠብቃል። ከሚስቱ ከእትዬ ውዴ ርቆ ያደረው፣ በቆሎ ሊሸጥ ፑኝዶ ወርዶ ዝናብ መንገድ የዘጋበት ጊዜ ብቻ ነው። ያኔም ተመልሶ ያወራው ስለ ጭቃው ነበር።

ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ሦስት ነን፤ የኡጁሉ አጎት ኦባንግ፣ እኔ፣ ሦስተኛውን እንዳይናገር ብለን የመረጥነው ስለሆነ ስሙን አላነሣም። እኔ ቆለኛና ደገኛ የአንድ አባት ልጅ ነው የሚል፣ ከአዳም የሚጀምር ንግግር ይዤ ነበር። ገና ከገነት ሳልወጣ አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሞላ፣ ዘሩን መች ጠየቅኩህ? ከነኦባንግ ጋር አንድ ወንዝ ጠጥተን ነው ያረጀነው። የጠየቅኩህ ሥራውን ነው» አለ። ዘፋኝ ነው አልኩ። «እሱማ አመሉ ነው፤ ሥራው?» አለኝ።

መልሴንም ሳይጠብቅ ቀጠለ። የገበሬን ሥራ ጎተራ ከፍተህ ታየዋለህ፣ የአናጢን ሥራ ትቀመጥበታለህ፣ የዚህ ልጅ ሥራ የት ነው ያለው? ዘፈነ፣ ነፋስ ወሰደው። ነፋስ ለሚያጭድ ልጄን አልሰጥም። ሥራውን በእጄ አስጨብጡኝና ተመለሱ። ይኸው ነው አለ።

አፌ ከእግሬ ይቀድማል። «ምርጥ ሥራዎቹን ሰብስበን የዛሬ ሁለት ሳምንት በእጅህ እናስጨብጥሃለን!» አልኩ። ኦባንግ ቁርጭምጭሚቴን በእግሩ መታኝ። ኦባንግ ሰው ሲመታ ዐውቆ ነው፤ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ያመኛል።

ኡጁሉን ይዤ ጋምቤላ ገባሁ። በሚሞሪ ዘፈን የሚጭን ባለ ሱቅ ዘንድ ሄድን፤ ከሱቁ ጀርባ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን የለበጣት ጠባብ ክፍል አለችው፤ ስቱዲዮ ይላታል። ኡጁሉን ከነጊታሩ ከተን ዘጋንበት። ጠበቅን። ጸጥ። በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «እዚያ ውስጥ እኮ ሰው የለም፤ ለማን ልዝፈን?» አለ። ባለ ሱቁ ለማይኩ ዝፈን ቢለው፣ «ማይኩ ነው እንዴ የሚያገባው?» አለና ጊታሩን በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። አልፈረድኩበትም። ኡጁሉ የሙሽራውን ጫማ፣ የሙሽሪትን እናት፣ የደጋሹን ላብ አይቶ ነው ግጥም የሚያወጣው። ለእንቁላል ካርቶን ምን ተብሎ ይገጠማል?

ተስፋ ሲቆረጥ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም ወዲያው አገኘሁት። የኛ አገር ሰው ሠርግ ላይ ሙሽራን በዓይኑ ማየት ከተወ ቆይቷል፤ ሞባይሉን እንደ ጦር ወድሮ ነው የሚያየው። ዘፈኖቹ ለካ በየኪሱ ተቀድተው ተቀምጠዋል! አቦቦን ቤት ለቤት፣ ጋምቤላን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ፑኝዶ ያለች አንዲት የጨርቅ ነጋዴም የሷን ሚሞሪ በወረቀት ጠቅልላ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችልን። ሚሞሪው እንደ ተልባ ተሰበሰበ።

መራጩ እኔ ሆንኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ታዲያ ዘፈን የሚነበብ ነገር ነው? ችግሩ ባለ ሱቁ የየዘፈኑን ስም ካልጻፍኩ ብሎ ድርቅ ማለቱ ነው። የኡጁሉ ዘፈን ስም የለውም፤ ሰው የሚያውቀው በዕለቱ በሆነው ነገር ነው። ስለዚህ «ፍየሏ የጮኸችበት»፣ «ጄኔሬተሩ የጠፋበት»፣ «ሙሽራው ወንበር የሰበረበት» እያልኩ አስጻፍኩ። ኡጁሉ ተቆጣ። የመረጥከው እኔን ነው ወይስ ፍየሏን? አለኝ። ፍየሏም ብትሆን ምቱን ጠብቃ ነው የገባችው አልኩት፤ ሙያ ነው፣ አይናቅም።

እንዴት መረጥክ ትሉኝ ይሆናል። ሐብሐብ እንዴት ይመረጣል? ይንኳኳል እንጂ እስከ ዘሩ ተበልቶ ነው? የየዘፈኑን መግቢያ እየሰማሁ «ይግባ»፣ «ይቅር» አልኩ። ባለ ሱቁ እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል ወይ ቢለኝ፣ «ከአንዴም ሁለቴ» አልኩት። ዐሥራ ሁለት ሞሉ። ዐሥራ ሁለተኛው ከፑኝዶ የመጣው፣ «ዝናቡ የመጣበት» ነው።

በቀጠሮው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያ ደምሴ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እትዬ ውዴ ከነነጠላዋ መጣች፤ ሰናይትና ሁለቱ እኅቶቿ በሩን ተደግፈው ቆሙ። ጎረቤቱ ሁሉ በዚያች ሰዓት ወንፊት ሊዋስ መጣ። ኡጁሉ ወጉ ስለማይፈቅድለት ከአጥሩ ጀርባ ተደብቋል፤ የጊታሩ አንገት ግን ከአጥሩ በላይ ለአገር ይታያል።

ባለ ሱቁ ዐሥራ ሁለቱን የጫነባትን ፍላሽ አስጨበጥኩት። ባቄላ ታህላለች። አገላብጦ አያትና «ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይቺን ነው?» አለ። «አያ፣ የበቆሎ ዘርም ትንሽ ናት» አልኩት። ዝም አለ። አያ ደምሴን ዝም ያሰኘ ሰው ከኔ በፊት አልተወለደም፤ ይጻፍልኝ።

ማጫወቻው ተከፈተ። አያ ደምሴ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ፍየሏ ጮኸች፤ ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ ሙሽራው ከነወንበሩ ወደቀ። አራተኛው ላይ የአያ ደምሴ የእግሩ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ አየሁና እግርህ እየጨፈረ ነው አልኩት። «ጉንዳን ነው» አለ። ዐሥራ አንደኛው ሲያልቅ ከመቀመጫው ተነሣ። እህ፣ እህ።

«ሰማሁ። ደህና ጩኸት ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ የዚህን ልጅ ዘፈን ቆሜ ሰምቼ አላውቅም፤ ዛሬም ያየሁት ሥራ የለም። ልጄን ሌላ ፈላጊ ይመጣላታል» አለ።

ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከአጥሩ በላይ ያለው የጊታር አንገት ቀስ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ። እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም። «አንድ ቀርቷል» ብቻ አልኩ። «እሱም ይቅር» አለ አያ ደምሴ። «የተቆጠረ አይጎድልም፤ ዐሥራ ሁለት ብለን ነው የመጣነው» ብዬ ማጫወቻውን ነካሁት።

ዝናብ የቆርቆሮ ጣራ ሲደበድብ ተሰማ። ከውስጡ ቶሟ አጉተመተመች፤ ኡጁሉም ለስለስ አድርጎ ገባ።

«ዝናቡ አትቁም፣ መንገዱን ያዝልኝ፣
መሄድ ሲገባኝ ሰበብ ሁንልኝ።»

እዚህ ድረስ አንኳኩቼ ሰምቼው ነበር። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን፣ የሐብሐቡን ዘር፣ እኔም እንደ እናንተ ገና መስማቴ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ከዚያን ዕለት ሠርገኛ መሀል፣ ከሚቀዳው ስልክ አጠገብ፣ አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገ። እህ፣ እህ።

«ድገመው!» አለ፣ ጠላ በደንብ ያረጠበው ድምፅ። «ድገመው የኔ አንበሳ! እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም! ምነው ሴት ልጅ በኖረችኝ! አንዲት ሴት ልጅ ብትኖረኝ ኖሮ ዛሬውኑ፣ እዚሁ ጭቃው ላይ እድርልህ ነበር!»

ወንፊት ሊዋሱ የመጡት ወንፊቱን ረሱት። አንድ ማንጎ ከላይ ወርዶ ኦባንግ እግር ሥር ዱብ ሲል ኦባንግ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር። አያ ደምሴ የሚያስተባብል መስሎት አፉን ከፈተና ከልማዱ የተነሣ ጀመረ፤ እህ፣ እህ።

እትዬ ውዴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በር ላይ የቆሙትን ልጆቿን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሴት ልጅ ብትኖረኝ? እነዚህ ሦስቱ ያንተ ከሆኑ ቃልህን ሙላ፤ ያንተ ካልሆኑ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሲለምኑ የከረሙት የማይመለከተውን ሰው ነው፤ ልጁን ከአጥሩ ጀርባ አውጡትና ግባ በሉት!»