የሊንደርባኽ አምባሳደር በሊልበርን

በአትላንታ ሀይዌይ በሰው መኪና ሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ያልቀጠረው አስተማሪ አለው። ለሰርፀ የደረሱት የሊልበርን ጎረቤቱ፣ የሚሠራበት መጋዘን ጥበቃ፣ ክቡር ጋሽ ኃይለመስቀል ናቸው፤ የሊንደርባኽ አምባሳደር።

ሊንደርባኽ ጀርመን ውስጥ ያለች፣ ካርታ ላይ ያረፈች ዝንብ የምታክል ከተማ ናት። ሰርፀ አይቷት አያውቅም፤ ግን ዓይኑን ቢሸፍኑት ከባቡር ጣቢያው እስከ ድልድዩ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። በሰሜን የጥድ ደን፣ በደቡብ ብረት ይወጣበት የነበረ ኮረብታ፣ መሃል ላይ ቀጭን ወንዝ። ወንዙ መዶሻውን አንቀሳቀሰ፣ መዶሻው ብረቱን ቀጠቀጠ፣ ከተማይቱም የበር ማጠፊያ መሥራት ጀመረች።

"የጀርመን በር ሁሉ የሚዞረው በሊንደርባኽ ነው" ይላሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

የሚጮህ በር ከሰሙ መቀመጥ አይችሉም። ባለፈው ወር እነብዙነሽ ቤት ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ተነሡና የጓዳውን በር ሁለቴ ከፍተው ዘጉት። "ይሄ የሊንደርባኽ ዕቃ አይደለም" አሉ፤ ከኪሳቸው የዘይት ጠርሙስ አውጥተውም ጠብ አደረጉበት።

አነዳዳቸው ግን እንደ ወንዛቸው ነው፤ በዝግታ። የሰርፀ ሚስት ሶስና፣ "አንተ ሰውዬ፣ በኡበር ሂድ! እሳቸው ሊንደርባኽ ሲደርሱ አንተ ከሥራ ትባረራለህ" ትለዋለች። እውነቷን ነው። ፒችትሪ ኮርነርስ ያለው መጋዘን ከአንድ ሰዓት ላረፈደ ሰው ፖይንት ይይዝበታል፤ ስድስት ከሞላ ያሰናብታል። ሰርፀ አምስት አለው። የራሱ መኪና ደግሞ ጋራዥ ከገባ ወር አለፈው።

ሰኞ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን፣ ሀይዌዩ ቀጥ አለ። ከፊት መኪና ተጋጭቷል። ሰርፀ ስልኩን አወጣ።

"ጋሼ፣ ጂፒኤስ ልክፈት?"

"እሱ ምን ያውቃል? ወንዝ አይቶ ያውቃል?" በመጀመሪያው ኤግዚት ወጡ። "ፋብሪካና መጋዘን ከሀዲድ አይርቅም። ሊንደርባኽ ውስጥ..."

"ጋሼ! ልባረር ነው እኮ! ሊንደርባኽ ይቅርብኝ!"

ሰርፀ በታላቅ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ደነገጠ። ጋሽ ኃይለመስቀል ሀዲዱን በግራ ይዘው፣ በመጋዘኖች ጓሮ ጥምዝ ጥምዝ እያሉ ነዱ።

"ለመሆኑ... ስንት ዓመት ኖሩባት?" አለ፣ እንደ ይቅርታ።

"ሰባት ወር።"

"ሰባት ወር?!"

"ጥገኝነት ጠይቄ ስጠብቅ። ሥራ ክልክል፣ ከወረዳው መውጣት ክልክል። ምን ላድርግ? ስዞር እውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ማጠፊያ ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ሠራተኛው ሲገባ አያለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል። ድምፅ የለውም።"

ሰርፀ ሰዓቱን ማየት ረሳ።

"ምን ታየኛለህ? ደርሰናል፣ ግባ!"

ለአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ሰርፀ ሮጠ። በሩ ከኋላው ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ። ካርዱን ሰዓት መመዝገቢያው ላይ ደቅኖ በመስታወቱ ቢመለከት፣ በሁለት ሰዓት የሚገቡት ጥበቃው ጋሽ ኃይለመስቀል ከመኪናቸው ወርደው የዘይት ጠርሙሳቸውን ፍለጋ ኪሳቸውን እየዳበሱ ይመጣሉ።

ተመለሰና በሩን ከፍቶ ያዘላቸው።