ባና የለበሰው ኮምፒውተር

ያኔ፣ በግምገማው ዘመን፣ ያልተሳካ ነገር ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነበር፤ የአቅም ማነስ። መንገዱ ሳያልቅ ቢቀር የአቅም ማነስ፣ ውሃው ቢጠፋ የአቅም ማነስ፣ ስብሰባው ራሱ አርፍዶ ቢጀመር ሰብሳቢው የአቅም ማነስ አለበት። ግምገማ ላይ እጁን አውጥቶ «አቅም አንሶኛል» ያለ ሰው ሂሱን ዋጠ ተብሎ ይመሰገናል፤ ምን አንቆ እንደያዘው የሚጠይቀው የለም። እኔም የዘመኑ ልጅ ነኝና፣ ዘመሮ ከተማ ላይ በከፈትኳት የሰርግ ቪዲዮ ቤት ያለው ብቸኛ ኮምፒውተሬ መፍዘዝ ሲጀምር ሳልመረምር ፈረድኩበት። አቅም አንሶታል።

የፈዘዘውም በክፉ ጊዜ ነው፤ የእትዬ ዘነበች ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ገና ተሠርቶ አላለቀም። እትዬ ዘነበች የአንድ ልጅ እናት ናቸው። እንደምታውቁት በእኛ አገር የሙሽራ እናት ልጇን ከደጇ ትሸኛለች እንጂ ወንዱ ቤት ድረስ አትከተልም። ልጃቸው ከጓሳ ሜዳ ማዶ ስትገባ እንዴት እንደተቀበሏት የሚያዩት በእኔ ቪዲዮ ብቻ ነው። ሦስቴ መጡ። ሦስቴም ምስሉ ትንሽ ሄድ ብሎ፣ ልክ ሙሽራዋ ከበቅሎ ልትወርድ ስትል ደርቆ ቀረ።

«አንተ፣ ልጄን በቅሎ ላይ ልታስከርማት ነው?» አሉኝ።

ደግሞም ባለውለታዬ ናቸው። ሰርጉን ሊዋዋሉኝ የመጡ ዕለት ኮምፒውተሩን ዳበስ አድርገው፣ «ይኼ ነገር በዚህ ብርድ ራቁቱን ነው የሚያድረው?» ብለው፣ ራሳቸው የፈተሉትን የሱፍ ባና አልብሰውልኝ ሄደዋል። ቀን ከሌት ለብሶት ይውላል። እኔም እግረ መንገዴን እጄን አሞቅበታለሁ።

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ለሚጠግነው ጓደኛዬ ለታደሰ ደወልኩና ምስል የሚያፈጥነውን ግራፊክስ ካርድ ልገዛለት መሆኑን ነገርኩት።

«ይቀበለው እንደሆነ አይተሃል?» አለኝ።

«አዲስ ነገር ለምን አይቀበል?»

«ወንድሜ፣ ልጅ ስትድሩ ሰባት ቤት ትቆጥሩ የለም? ለካርድ ሦስት ነገር መቁጠር አቃተህ?»

ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት አለ ወይ፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚተኛበት ቦታ ይበቃል ወይ፣ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት ነው። ባናውን ገፍፌ የሳጥኑን ጎን ፈታሁ። መሰኪያው አለ። ቦታውን በስንዝር ለካሁት፤ ይበቃል። ዋቱን ላነብ ጎንበስ ብል ግን ጽሑፍ የሚባል አይታይም፤ የበግ ጸጉር ነው። ማራገቢያዎቹ ከባናው የሳቡትን ሱፍ ተጠምጥመው፣ ሊዞሩ ሲታገሉ ኖረዋል። በብሩሽ ሳጸዳ አረፈድኩ። ኮምፒውተሩ ራቁቱን ሲነሳ የሳምንቱን ሥራ ከምሳ በፊት ጨረሰው። ለካ አቅም ሞልቶት ነበር። የታፈነን ነገር አቅም አንሶታል ማለት ለአፋኙ ይቀለዋል፤ አፋኙ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ አፈርኩ።

እትዬ ዘነበች በአራተኛው ሲመጡ ግን እውነቱን ደበቅኩ። «ስጦታዎ ሊገድለው ነበር» ይባላል እንዴ? በር ላይ ሳያቸው ባናውን መልሼ ደፋሁበትና ቪዲዮውን ከፈትኩ። ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። ሙሽራዋ ከበቅሎ እስክትወርድ እኔ አላበኝ። ወረደች። እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ቀጥሎ ልጅቷ ከበሩ አጠገብ በስስ ነጭ ቀሚስ ተቀምጣ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ታየች። እናት ወደ ምስሉ ጠጋ አሉ።

«በርዷታል» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ተነሱና ባናውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገፈው፣ አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። «ነገ ገበያ ነው፤ ከማዶ የሚመጣ ሰው አላጣም። እልክላታለሁ።»

«ኮምፒውተሩስ፣ እትዬ?» አልኩ ለይሉኝታ።

«እሱማ ዳነልህ አይደል? ሙቀቱ በጅቶታል» አሉኝ።

ሂሴን ዋጥኩ።