የመቀነት ፋርማሲ

በኢሉባቦር ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። መቱ ከተማ ባጃጅ ውስጥ አንዴ ያስነጥስዎት፤ ሾፌሩ የሚዋጥ ያዝዝልዎታል፣ ከጎንዎ ያለችው ሴትዮ ደግሞ "እሱ ለጨጓራ አይሆንም" ብላ ትሽርና የራሷን ታዝዛለች። የእነዚህ ሁሉ ሊቀ መንበር ግን የቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ካምፕ ወጥ ሠሪ፣ ክብርት እትዬ ዘውደነሽ ናቸው።

እትዬ የተረፈ መድኃኒት አይጥሉም። "መድኃኒት መጣል እኮ እህል መድፋት ነው!" ይላሉ። ጎረቤት ሲሻለው የተወውንም ሳይቀር በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ነጩ ለራስ ምታት፣ ክቡ ለሆድ፣ ቀይና ቢጫው እንክብል ለቀረው በሽታ ሁሉ። ስሙን ከጠየቋቸው ይቆጣሉ። "ስም ምን ያደርጋል? ልጄን ሊቺን በአንዴ ነው ያስነሣት!"

ዘንድሮ ክረምት ልጆቹን ይዘን ለካምፑ ወደ ኡካ ስንሄድ የመድኃኒት ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ወላጆች የሰጡኝን በየልጁ ስም ለይቼ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ፤ ቁልፉንም አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ምን ዋጋ አለው! ሳጥኑ እኔ ጋ፣ ሕክምናው ማድ ቤት! ሆዱን ያመመው ልጅ ሁሉ ሩጫው ወደ እሳቸው ነው። ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው። "እሺ የኔ ልጅ፣ ገብቶኛል" ይሉኛል። ዞር ስል ቋጠሮው ይፈታል። በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድብን ውሎ ጊፍቲ የምትባለዋን ልጅ ሳል ያዛት። እናቷ ስታስረክበኝ እጄን ጨብጣ ያለችኝ አንድ ነገር ነበር፤ "አሞክሳሲሊን እንዳትሰጧት። አምና ጉሮሮዋ አብጦ ለትንሽ ነው የተረፈችልኝ።" ማድ ቤት ስገባ ያ ቀይና ቢጫው እንክብል፣ አሞክሳሲሊኑ፣ ልጅቷ መዳፍ ላይ ነው! እትዬ ውኃውን ይዘውላታል።

ዘልዬ ነጠቅኳት። "ይሄ ይገድላታል!"

"ኧረ ለሳል እኮ ነው..."

የእናቷን ቃል ነገርኳቸው። "ያ ዋቃዮ! አምላኬ! በገዛ እጄ!" ብለው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። መቀነታቸውን ራሳቸው ፈትተው ያለውን ሁሉ እጄ ላይ ዘረገፉት፤ ጊፍቲን አቅፈውም አለቀሱ።

ተገላገልኩ አልኩ። የት! እትዬ ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ፖሊስ ሆኑ። ኩምሳ የሚባለው ልጅ አስም አለበት፤ የሚነፋለትን መድኃኒት ባወጣሁ ቁጥር መንገድ ይዘጉብኛል። "ስሙን አንብብልኝ! እናቱ ፈቅዳለች? ደውልና ልስማ!" እናትየው ራሷ በመጨረሻ ስልክ ማንሣት ሰለቻት።

ካምፑ ሊያልቅ ሲል ራሴን አመመኝ። ከኪሴ ፓናዶል ሳወጣ እትዬ ከኋላዬ ደረሱ።

"እናትህ ያውቃሉ?"

"እትዬ፣ ዐርባ ዓመት አልፎኛል እኮ! እናቴም ካረፈች ቆየች።"

እትዬ ኪኒኑን ከእጄ ወሰዱት።

"እንግዲያ እኔ ነኛ እናትህ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም፣ በባዶ ሆድህ አትውጥም። ተቀመጥ! መጀመሪያ ብላ።"

እየተነጫነጭኩ ተቀመጥኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ አልበላህም ብሎ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።