ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

እኛ ሰዎች ያለ ማስረጃ አንኖርም። ተወልደን፣ አድገን፣ ጢም አብቅለን መስኮቱ ፊት ቆመን እያዩን እንኳ መወለዳችንን የሚመሰክር ወረቀት እንጠየቃለን። ያገባ ማግባቱን፣ ያላገባ አለማግባቱን ያስመሰክራል። የሞተ ደግሞ ራሱ መሄድ ባይችልም ሰው ይላክለታል። እኔ ይህ ሁሉ ጣጣ በሰው ላይ ብቻ የወረደ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤትም ይጠየቃል!

ድሮ እዚህ ጂንካ ቤት የሚፈተነው በዝናብ ነበር። ክረምቱን ሳያፈስ ከከረመ አለፈ፤ ካፈሰሰ ወደቀ፤ ፈታኙም ውሎ አበል አይጠይቅም። ደርግ ወድቆ ከተማዋ ቀና ማለት ስትጀምር ቆርቆሮ የክብር ልብስ ሆነ። ቆርቆሮው ሲለመድ ሲሚንቶ መጣ፣ ሲሚንቶው ሲለመድ ሴራሚክ፣ አሁን በቅርቡ ደግሞ መስተዋት። መስተዋት ብርሃንና ሙቀት ለራባቸው አገሮች የተሠራ መሆኑን ጂኦግራፊ ሳስተምር ተናግሬ ነበር። የሰማኝ የለም። ፀሐይ እንደሆነ ለእኛ ድሮም ጎድሎን አያውቅም።

ጎረቤቴ አቶ ማርቆስ በሙዝና በበቆሎ ንግድ ሲደላደል፣ ፊት ለፊቱን ሙሉ ሰማያዊ መስተዋት ያለበሰው ጂ ፕላስ ቱ ገተረ። ሲያዩት ያምራል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ የሚጀምረው ሲገቡበት ነው። እኩለ ቀን ላይ ደረጃውን የወጣ ሰው ወደ ላይ የወጣ ሳይሆን ወይጦ በረሃ የወረደ ነው የሚመስለው። ላብ ይጀምረዋል፣ ልብሱን ይፈታታል፣ ከዚያ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ይመለሳል። ስለዚህ ሕንጻው ተመርቆ፣ ተጸልዮለት፣ ባዶውን ተቀመጠ። ማርቆስ ራሱ የሚያድረው ከጀርባው ባለው አሮጌ ጭቃ ቤት ነበር።

ያንን ጭቃ ቤት ሳላስተዋውቃችሁ ባልፍ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘነበች ትቀየመኛለች። እሷና ማርቆስ ገና ሙሽሮች ሳሉ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው የሠሩት ነው። ሣር ክዳኑ እስከ ወገብ ይወርዳል፣ አንድ ትልቅ አቮካዶ ደግሞ ከላይ ተደፍቶበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ የዘነበች ዘመዶች ከደጋው የአሪ ቀበሌዎች ሙዛቸውንና ጎደሬያቸውን ተሸክመው ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። ሸክም ይራገፋል፣ የቡና ገለባው ሸፈሮ በቅል ይዞራል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ማንም አያንኳኳም። እስከማውቀው ድረስ በሩ ላይ የሚያንኳኩበት ቦታም የለውም።

አንድ ቀን ማርቆስ እየሮጠ መጣ። አንድ የውጭ ድርጅት ሕንጻውን እንዳለ ሊከራየው ይፈልጋል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሚከራየው ለአካባቢ የሚስማማ መሆኑ የተመሰከረለትን ሕንጻ ብቻ ነው።

«መምህር፣ ሰስቴነብል መሆን አለበት እኮ ነው የሚሉት» አለኝ፣ ቃሏን እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እያገላበጠ። «መርማሪ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ ይመጣል። እኔ ያሳሰበኝ ይሄ ጭቃ ቤት ነው። ያዋርደኛል። አፍርሼ ፓርኪንግ ላድርገው።»

ዘነበች ይህን ሰማች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የአስቴር አባት፣ አፍርሰው» አለችው። «ግን ስታፈርስ እኔ ውስጥ ነኝ። ዘመዶቼ ቅዳሜ የት ነው የሚያርፉት? በዚያ በሚያንሸራትት ሴራሚክህ ላይ ነው?»

ከብዙ ሽምግልና በኋላ ለጊዜው ተስማሙ። ምርመራው እስኪያልፍ ቤቱ አይፈርስም፤ ግን እንዳይታይ ይሸፈናል። ሕንጻው ምስክር ወረቀቱን ካገኘ ይፈርሳል። ዘነበች ለሕንጻው መውደቅ በልቧ መጸለይ እንደጀመረች ከዓይኗ አነበብኩ።

አሁን ሽፋኑ ከየት ይምጣ? ማርቆስ የእድራችን ንብረት ክፍል ነው፤ ድንኳኑ መጋዘኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰፊ ነው፣ ነጻ ነው፣ ቅርብ ነው። ኢንጂነሩ ነገ ጠዋት እገባለሁ ብሎ ደወለ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ፊት ለፊት ተከልነው። አንዱን ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማረ ሰው ገመድ ይዞ ሲቆም አንዳች ነገር ትዝ አይለውም?

አላለኝም። ቅዳሜ ሲነጋ ግን ለአገሩ ሁሉ ትዝ አለው።

የእድር ድንኳን የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የደረሱት የዘነበች አክስት ነበሩ። ከመንገዱ ዳር ድንኳኑን እንዳዩ የሙዝ ሸክማቸውን ወርውረው «ማርቆስ ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ማርቆስ መስተዋት ሲወለውል ከነበረበት መሰላል ዘሎ ወረደና «እማማ፣ አለሁ!» አላቸው። አቅፈውት፣ ፊቱን ዳብሰው፣ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ። «ታዲያ ማነው የሞተው?»

ዘነበች እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች። «እስካሁን የሞተ የለም። ሊገድሉት ያሰቡት ቤቴን ነው» አለች።

ይህን የሰሙት አሮጊቷ ብቻ ናቸው። ሌላው እየተግተለተለ ይገባል። ጎረቤት እንደ ወጉ ምግብ ይዞ መጣ፣ ወንበር መጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን የማጽናኛ መዝሙራቸውን ይዘው መጡ። ለቅሶ የደረሰን ሰው «ተሳስተሃል፣ ተመለስ» ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ተቀመጡ ተባለ፤ ተቀመጡ። ማርቆስ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ አለመሞቱን ሲያስረዳ እንባውን መቆጣጠር አቃተው፤ ይህን ያዩ ሁሉ አብረውት አለቀሱ።

ኢንጂነር ብሩክ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ቆቡን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ጨዋ ልጅ ነው። ማርቆስ ክንዱን ይዞ ወደ ሕንጻው ጎተተው። መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል፤ በየክፍሉ የተሰቀለው ቬንትሌተር ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሁለቱም ፎቁ ላይ አንድ ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ የኢንጂነሩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ፈቃድ አልጠየቀም፤ ለቀስተኛው ወደ ተቀመጠበት ጥላ አመራ፣ የድንኳኑን ጨርቅ ገለጠ፣ ጭቃ ቤቱ ውስጥ ገባ።

ዘነበች ሸፈሮ በቅል ሰጠችው። የጎደሬ ቅቅል ከጎመን ጋር አቀረበችለት። በላ፣ ጠጣ፣ ግድግዳውን ተደገፈ፣ ከዚያ መዝሙሩ እየተዘመረ እንቅልፍ ወሰደው። ማርቆስ ሊቀሰቅሰው ቢጠጋ የሚስቱ ዓይን መለሰው።

ሲነቃ ዙሪያውን ተመለከተና «እናቴ፣ ቤቱ እንዲህ እንዲቀዘቅዝ ምን አድርጋችሁ ነው?» አላት።

«ምንም።»

መሣሪያዎቹን ከቦርሳው አወጣ። ግድግዳውን ነካካ፣ ክዳኑን ቀና ብሎ አየ፣ አቮካዶውን ፎቶ አነሳ። ማርቆስ «እሱ አይደለም፣ ያኛው ነው!» እያለ ከኋላው ይከተለዋል።

ውጤቱ መጣ። ትልቁ ሕንጻ ወደቀ። «በቅጥር ግቢው ውስጥ የሚገኘው ሁለተኛው ቤት» ግን በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ። የተላከውን የነሐስ ሰሌዳ በግድግዳው ላይ ልንሰቅል ሞከርን፤ ጭቃው ምስማሩን አልይዝ አለ። አቮካዶው ግንድ ላይ ሰቀልነው።

ዘነበች ቤቷን አዳነች ብላችሁ ደስ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ድርጅቱ ግን ቃሉን አክባሪ ነው፤ የተመሰከረለት ቤት ብቻ እከራያለሁ ብሏል፣ የተመሰከረለትን ቤት ሊከራይ መጣ። ማርቆስ «ወይ ይፈርሳል ወይ ይከራያል» ብሎ ቆረጠ። ዘነበች በመጨረሻ «ከሚፈርስ ቆሞ ልየው» አለች። አንድ ነገር ግን አስማለችው። የሕንጻው ምድር ቤት የእሷ ነው፤ የፊቱም መስተዋት በሙሉ ይነሳል።

አሁን ጭቃ ቤቱ በር ላይ ዘበኛ አለ። ኮምፒዩተሮቹን አቧራ እንዳይነካቸው መስኮቶቹ ታሽገዋል። መስኮቱ ሲታሸግ ሞቀ፤ ሲሞቅ ማቀዝቀዣ ተገጠመ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ግቢውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው። አንድ ቀን ዘነበች የረሳችውን ሙቀጫ ልታመጣ ሄዳ ዘበኛው «አንኳኪና ጠብቂ» አላት። «በዚያ በር ገብቼ ልጅ ወልጄበታለሁ መምህር፣ አንኳኩቼው ግን አላውቅም» አለችኝ።

ቅዳሜ ግን ኑና እዩ። መስተዋቱ የተነሳለት ምድር ቤት ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ይመላለስበታል። ሙዙ ተደርድሮ፣ ለገበያ የወረዱት ፍየሎች ሴራሚኩ ላይ እየተንሸራተቱ፣ አክስቲቱ ጫማቸውን አውልቀው ይጫወታሉ። የማይከራየው ሕንጻ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማርቆስ ራሱ ከምሳ በኋላ እዚያው ጋደም ብሎ ያንኮራፋል።

ባለፈው ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ነፋሱ ደስ ብሎኝ፣ «አንተ ማርቆስ፣ አሁን እኮ ይሄም ፈተናውን ያልፋል። ለኢንጂነሩ ልደውልለት?» አልኩት።

ከተኛበት ብድግ ብሎ እጄን ያዘ።

«በጌታ ስም መምህር፣ እንዳይደውሉ! ይሄኛውም ካለፈ እኛ የት ልንገባ ነው?»