ካንዴላው ነው ብያለሁ!

(ጠዋት ነው። ከአንድ ቤት በር ላይ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ቆማለች፤ ከኋላዋ ትልቅ የዳቦ ሳጥን ታስሯል። ባለቤቷ ዳቦ አዳዩ መርገጫዋን ደጋግሞ ይረግጣል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል። ሥራው በብሎኬት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።)

ኢንጂነር፦ አስነጠሰች!

ዳቦ አዳይ፦ ሳለች ጋሼ።

ኢንጂነር፦ አስነጠሰች ነው የምልህ! ሳልና ማስነጠስ አትለይም እንዴ?

ዳቦ አዳይ፦ ማስነጠስማ «እንጥሽ» ነው። ይቺ «እህ፣ እህ» ብላ ነው ዝም ያለችው።

ኢንጂነር፦ ሳል ከሆነ ደረቷ ነው፣ ማስነጠስ ከሆነ አፍንጫዋ ነው። ሕክምናው ለየቅል ነው! አንተ እንደሆነ ከዳቦ በቀር የምታውቀው የለም።

ዳቦ አዳይ፦ እሱስ ልክ ብለዋል። ዳቦ አይስልም።

ኢንጂነር፦ በል ቶሎ በል! ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ይገባል። እኔ ደግሞ ልክ እሱ በሩ ላይ ሲደርስ በሞተሬ ከተፍ ማለት አለብኝ።

ዳቦ አዳይ፦ በሞተሬ?

ኢንጂነር፦ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የኔ ናት ብያቸዋለሁ። ምን ይጎዳሃል?

ዳቦ አዳይ፦ ኧረ ምንም! ግን እኔም ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦውን ሆስፒታል ማድረስ አለብኝ። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ወስደዋት በእግሬ ተሸክሜ አርፍጄ ብደርስ፣ የወጥ ቤቷ ኃላፊ «አንድ ቀን ብትደግም ሌላ ዳቦ አዳይ እቀጥራለሁ» ብላኛለች።

ኢንጂነር፦ በሽተኛ የት ይሄድብሃል? ተኝቶ ይጠብቅሃል! ለመሆኑ እኔ የሚስትህ ታላቅ ወንድም ነኝ ወይስ አይደለሁም?

ዳቦ አዳይ፦ ነዎት እንጂ። እህትዎም ጠዋት ጠዋት ታስታውሰኛለች። «ወንድሜን እምቢ ያልከው ዕለት...» ትላለች።

ኢንጂነር፦ ከዚያስ?

ዳቦ አዳይ፦ ጨርሳው አታውቅም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ኢንጂነር፦ ጎበዝ። ደግሞ ያን ሳጥን ፍታልኝ። ባለፈው መንገደኛው ሁሉ «ዳቦ አለ?» እያለ ሲያስቆመኝ ዋለ።

ዳቦ አዳይ፦ ታዲያ ሸጡላቸው?

ኢንጂነር፦ (ጥርሱን ነክሶ) ርገጥ!

(ይረግጣል። ሞተሯ አሁን ሳልም ማስነጠስም ትታለች።)

ዳቦ አዳይ፦ ጋሼ፣ ነገሩ የቤንዚን ይሆን እንዴ?

ኢንጂነር፦ ታንኩን ነቅነቅ አድርገው። ምን ይላል?

ዳቦ አዳይ፦ ይንቦጫረቃል።

ኢንጂነር፦ ታንኩ ሙሉ ሆኖ ቤንዚን ትለኛለህ? ሆድህ እስኪነፋ በልተህ ራበኝ ትላለህ?

ዳቦ አዳይ፦ ጉሮሮዬ ከተዘጋ እላለሁ።

ኢንጂነር፦ ስለ ጉሮሮህ ማን ጠየቀህ?

ዳቦ አዳይ፦ እንዲያው ነው። ይቺ ከታንኩ ሥር ያለችው መዞሪያስ ምንድን ናት?

ኢንጂነር፦ አትንካት! ጌጥ ናት።

ዳቦ አዳይ፦ ጌጥ?

ኢንጂነር፦ ፋብሪካ ለውበት የሚያስቀምጣት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስነዳት አንድ ቀን ነክቻት አላውቅም። ችግር አጋጥሞኛል?

ዳቦ አዳይ፦ የለም። እኔ ነኝ ሁልጊዜ ከፍቼ የምሰጥ... ማለቴ፣ ጠርጌ የምሰጥዎት።

ኢንጂነር፦ ጥረግ፣ ግን አትንካ። ዝም ብለህ ስማኝ፤ እሳት የሚጭረው ካንዴላው ነው። መፍቻ አምጣ!

(ዳቦ አዳዩ መፍቻ ያቀብለዋል። ኢንጂነር እጅጌውን ሰብስቦ ካንዴላውን ይፈታል። በመሃል አንድ ሌላ ብሎንም ይፈታል፤ ለምን እንደፈታው እሱም አያውቅም። ላቡን ሲጠርግ ግንባሩ ላይ እንደ ጅራፍ የረዘመ ጥቁር ቅባት ይጋደማል።)

ዳቦ አዳይ፦ ጋሼ፣ ግንባርዎ ላይ...

ኢንጂነር፦ አታቋርጠኝ! አሁን የምናየው ካንዴላው ብልጭ ማለት አለማለቱን ነው። ና ያዝልኝ።

ዳቦ አዳይ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? በዕውቀት የሚያዝ ነገር ነው። እርስዎ ይያዙት፣ እኔ ልርገጥ።

ኢንጂነር፦ ይሄ እንኳን ገብቶሃል። ርገጥ!

(ይረግጣል። ኢንጂነር እንደ ፌንጣ ወደ ኋላ ይዘላል።)

ዳቦ አዳይ፦ ምን ተሰማዎት?

ኢንጂነር፦ (እጁን እያርገበገበ) ምንም! ኤሌክትሪክ... ኤሌክትሪኩ አለ።

ዳቦ አዳይ፦ ተመስገን! ካንዴላው ደህና ነው ማለት ነዋ?

ኢንጂነር፦ ደህና የሆነ ነገር እንዲህ ሰው ይማታል? አብዷል እንጂ! ካንዴላው ነው ብያለሁ፣ ካንዴላው ነው!

ዳቦ አዳይ፦ እንግዲህ እርስዎ ካሉ። ቤንዚኑን ግን አንዴ ብናየው...

ኢንጂነር፦ አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚን ቤንዚን ምን አባህ ነው የምትለኝ? ሁለተኛ ይሄን ቃል እንዳልሰማ!

ዳቦ አዳይ፦ (ቀስ ብሎ) ሁለት ጊዜ ነገርኩዎት እንግዲህ።

(ኢንጂነር ካንዴላውን መልሶ ያስራል። ሲጨርስ መዳፉ ላይ ያቺ ብሎን ቀርታለች።)

ዳቦ አዳይ፦ ይቺስ?

ኢንጂነር፦ ትርፍ ናት። ፋብሪካ ሁልጊዜ ትርፍ ይጨምራል።

ዳቦ አዳይ፦ እውነትም! ሬዲዮናችንን የሠሩልን ጊዜ አራት ተርፎ ነበር።

ኢንጂነር፦ አየህ! ሬዲዮውስ?

ዳቦ አዳይ፦ አይናገርም። ግን ቀለል ብሏል።

(ዳቦ አዳዩ ብሎኗን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ኢንጂነር ሰዓቱን አይቶ ይደነግጣል።)

ኢንጂነር፦ ወይ ጉድ፣ ሩብ ጉዳይ! በቃ፣ ተገፍታ ትነሳለች። እኔ ልቀመጥ፣ ግፋ!

ዳቦ አዳይ፦ ባለፈው እርስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? «ሐኪም በሽተኛ ላይ አይቀመጥም፣ ከኋላ ሆኖ ነው የሚያዳምጥ» ብለው?

ኢንጂነር፦ እኔ? እንዲህ ብያለሁ?

ዳቦ አዳይ፦ ያኔ ያልገባኝ ዛሬ ነው የገባኝ። ከላይ የተቀመጠ ሰው የኋላውን ድምፅ በምን ጆሮው ይሰማል?

ኢንጂነር፦ (ደስ ብሎት) እውነት ነው፣ ብያለሁ። ድንቅ አነጋገር ነው። በል አንተ ተቀመጥ!

(ዳቦ አዳዩ ይቀመጣል። ኢንጂነር ሳጥኑን ይዞ እያለከለከ ይገፋል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታውና ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው ዳገት።)

ኢንጂነር፦ እህ... እህ...

ዳቦ አዳይ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ወይስ ሞተሯ?

ኢንጂነር፦ እ... እኔ ነኝ!

ዳቦ አዳይ፦ አስነጠሱ ወይስ ሳሉ? ሕክምናው ለየቅል ነው ብለዋል።

ኢንጂነር፦ ዝም በል! ቁልቁለቱ በየት በኩል ነው?

ዳቦ አዳይ፦ ከኋላችን ቀርቷል። እኔማ ዳገቱ ሞተር ያበረታል ብለው መስሎኝ።

(ፌርማታው ጋ ይደርሳሉ። የኢንጂነር ክራባት ጀርባው ላይ ዞሯል። ግንባሩ ላይ የነበረው ቅባት አሁን ሁለቱንም ጉንጮቹን አዳርሷል። አውቶቡስ መጥቶ ይቆማል።)

ዳቦ አዳይ፦ ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎትና ይቆጡኝ። ቤንዚኑስ?

ኢንጂነር፦ ከደንቆሮ ጋር መዋል ያደነቁራል! እኔ በአውቶቡስ ሄድኩ። ማታ መጥቼ ሞተሩን አውርጄ አየዋለሁ። ይቺ ብረት እስከዚያ ንቅንቅ አትልም!

ዳቦ አዳይ፦ ፊትዎን ግን...

ኢንጂነር፦ ፊቴን ምን ሆንኩ? ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ፊቴን ሳይሆን ዕውቀቴን ነው!

(ተጋፍቶ ይገባል። አውቶቡሱ ሰው እየጫነ ይቆማል። ዳቦ አዳዩ ኪሱን ዳብሶ ብሎኗን ያወጣል፣ ቦታዋ ላይ አጥብቆ ያስራታል። የሳጥኑን ገመድ ይፈትሻል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታንኩ ሥር ያለችውን መዞሪያ ያዞራል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ አንድ ጊዜ ይረግጣል። ሞተሯ ትነሳለች። የአውቶቡሱ በር ይዘጋል።)

ኢንጂነር፦ (አንገቱን በመስኮት አውጥቶ) ተነሳች! አላልኩህም? ካንዴላው ነው ብያለሁ! (ወደ ተሳፋሪው ዞሮ) እኔ ነኝ የሠራኋት! ሾፌር፣ ቁም፣ ሞተሬ ተነስታለች! ምን ያስቃችኋል?

ዳቦ አዳይ፦ (ከመስኮቱ ጎን ጎን እየነዳ) ፊትዎን ነው ጋሼ። ሁለት ጊዜ ልነግርዎት ነበር።

ኢንጂነር፦ ፊቴን ተወው! ምን አድርገህ ነው ያስነሳሃት?

ዳቦ አዳይ፦ ጌጧን አዞርኩላት።

ኢንጂነር፦ ጌጧን? ቤንዚን ነው እንዴ የምትዘጋው? ማነው የዘጋት?

ዳቦ አዳይ፦ እኔ ነኛ። ጠዋት እርስዎ በሩን ሲያንኳኩ።

ኢንጂነር፦ አንተ የማታፍር! ይህን ሁሉ ዳገት ከምታስገፋኝ፣ እንደ ሰው «እምቢ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

ዳቦ አዳይ፦ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እኔማ እምቢ አልልዎትም፤ ሞተሯ ግን እህትዎን አላገባችም።

(ዳቦውን ይዞ አውቶቡሱን ይቀድማል።)