በዳቦ ቤቱ ደጃፍ የተገኘ የጋራ ዓላማ

አገሪቱ አዲስ የወንጀል ሕግ ስለ ወጣላት እንኳን ደስ አላት። አሮጌው ሕግ፣ አምስት ሰው ለጋራ ዓላማ ከተሰበሰበ ሕገወጥ ስብሰባ ነው ይል ነበር። ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ከሥር መሠረቱ ተነቅሎ፣ አዲሱ ሕግ አምስት ሰው ለጋራ ዓላማ ከተሰበሰበ ሕገወጥ ስብሰባ ነው ሲል ደነገገ። ሽፋኑም ከግራጫ ወደ ሰማያዊ ተሸጋገረ። ለውጥ ሲባል እንዲህ ነው እንጂ!

እርግጥ አንቀጹ ወረድ ብሎ፣ ዓላማው ዓመጽ ወይም ማስፈራራት ሲሆን ነው ይላል። የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ግን ሥራ የሚበዛባቸው ሰው በመሆናቸው እስከ መጀመሪያው ነጠላ ሰረዝ ብቻ አንብበው ወደ ተግባር ገቡ።

የሕጉ ብርሃን መጀመሪያ ያረፈው እትዬ እርሾ ደጃፍ ላይ ነው። እትዬ እርሾ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት የዳቦ ምድጃ ልጆቿን የምታሳድግ ጋጋሪ ናት። ጠዋት ዳቦው እስኪወጣ ሰው ደጃፏ ላይ ተራ ይይዛል። የጣቢያው ሳጅን ጭራሮም ሁልጊዜ እዚያው ይሰለፍ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ደረቱን ነፍቶ ከፊት መጣ።

«የጋራ ዓላማችሁ ምንድነው?»

«ዳቦ ነዋ!» አሉ በአንድ ድምፅ። በአንድ ድምፅ መሆኑ ነገሩን አባባሰው።

«ሁላችሁም?»

«አንተ እዚህ የምትመጣው ሲሚንቶ ልትገዛ ነው እንዴ?» አለች ከአዳር ሥራ የወጣች ነርስ።

ሳጅኑ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ጋጋሪዋ ዞረ። «እትዬ፣ ነገ አምስት ሰው እዚህ ባገኝ ምድጃው በወንጀል መሣሪያነት ይታሸጋል።»

«ምድጃው ደግሞ ምን አጠፋ?»

«ሕዝብ ያነሳሳል። ሽታው ጣቢያችን ድረስ ይመጣል።»

በማግስቱ ሰፈሩ በሕግ አክባሪነት አበደ። አራት ሰው ብቻ በሩ ላይ ቆመ። የቀረው መንገዱን ተሻግሮ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ባልና ሚስት እንኳ ሰላም አልተባባሉም፤ ሰላምታ ማስረጃ ነዋ! ሳጅን ጭራሮ ጸጥታ ለማስከበር ከአራቱ ጎን ቆመና ቆጠረ። አምስት። ደግሞ ቆጠረ። አምስት! በሥራው ቀልድ አያውቅምና ለራሱም ሳይራራ ወደ ጣቢያው ደወለ።

አዛዡ አንድ ፒክአፕ ሙሉ ፖሊስ፣ የማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ ይዘው ከች አሉ። አራቱ ደንበኞች እግሬ አውጪኝ አሉ።

«እሸጉት!»

እትዬ እርሾ ዱቄት የለበሰ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመችና መግቢያውን ዘጋች። ከውስጥ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። ምድጃው ታሸገ ማለት ልጆቿ ጦማቸውን አደሩ ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። አሁን ደጃፌ ላይ ስንት ናችሁ?»

አዛዡ ዞር ብለው አዩ። ዘጠኝ።

«ዓላማችሁስ የጋራ ነው?»

ማዶ የቆመው ሁሉ ሰማዩን ትቶ ወደ እሳቸው ማየት ጀመረ። ነርሷ ስልኳን አውጥታ ትቀርፃለች። አዛዡ ስልኩን አዩ።

«በፍጹም! በመካከላችን የጋራ ዓላማ ኖሮ አያውቅም!» ወደ ፖሊሶቹ ዞሩ። «አንተ ለምን መጣህ?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ። መኪና ላይ ውጣ ተባልኩ፣ ወጣሁ።»

«አንተስ?»

«ኧረ እኔ ውስጡ ተኝቼ ሳለሁ ነው መኪናው የተነሳው።»

«ሳጅን?»

«እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ…»

«እርስዎስ ጌታዬ?» አለች እትዬ እርሾ፣ ድምጿን እንደ ቅቤ አለስልሳ።

አዛዡ ለሕግ የበላይነት ሲሉ ክብራቸውን ሠዉ። «እኔም… እንጃ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ምድጃዬን ሊያሽግ የመጣ ሰው የለማ!» ብላ ወደ ሊጧ ተመለሰች።

በሦስተኛው ቀን ተራው እስከ መታጠፊያው ደረሰ። ሳጅን ጭራሮ መጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጋራ ዓላማችሁ ምንድነው?»

«እኔ እንጃ» አለች ነርሷ። «እኔ እንጃ» አለ ከኋላዋ ያለው። «መኪና ላይ ውጣ ተብዬ ነው» አሉ ከዘራቸውን ተደግፈው በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ።

ሳጅኑ ግራ ቀኙን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«የመጨረሻው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አንተስ ልጄ፣ ለምን መጣህ?»

«እኔ እንጃ አባባ» አለ፣ ፌስታሉን ከኪሱ እያወጣ።